"ሲጫወት ነው የዋለው?" ስለ ሕፃን ተኮር ትምህርትና ስለ ኬጂ መምህራን ሥልጠና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ኬጂ የሚመዘነው ብዙ ጊዜ በደብተር ነው። ልጁ ቤት ሲገባ ቦርሳው ይከፈታል፣ ደብተሩ ይገለበጣል። ሁለት ገጽ ፊደልና አንድ ገጽ ቁጥር ከተገኘ ትምህርት ቤቱ ጎበዝ ተባለ። ባዶ ከሆነ ደግሞ "ታዲያ የምከፍለው ለምንድን ነው?" ይመጣል። መምህራኑም ይህን ስለሚያውቁ በሥልጠና ያዩትን ሕፃን ተኮር ትምህርት፣ ማለትም ልጁ በጨዋታና በራሱ ሙከራ የሚማርበትን መንገድ፣ ትተው ወደ ሰሌዳው ይመለሳሉ፣ ልጆቹም ሲገለብጡ ይውላሉ። ያሳዝናል። ከወላጅም ከርእሰ መምህርም ደጋግሜ የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች ላንሳ።

"ሲጫወቱ ከዋሉ ምን ተማሩ?"

የሌሎቹ ሁሉ እናት ይቺ ናት። እስቲ አንድ ጥሩ የጨዋታ ሰዓት ቀረብ ብለን እንይ። ውሃ የሞላ ሳፋ አለ፣ ዙሪያውን አራት ልጆች፣ አንድ ረጅም የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አንድ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህንና አንድ ኩባያ። አንዷ "ረጅሙ ብዙ ይይዛል" ትላለች፣ ሌላው "አይይዝም" ብሎ ይከራከራል። ቲቸሯ መልሱን አትነግራቸውም። "እንዴት እናውቃለን?" ብላ ትጠይቃለች። በኩባያ ይቀዳሉ፣ ይቆጥራሉ፣ ቁጥሩ ይጠፋባቸዋል፣ እንደገና ይጀምራሉ። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ውሃው ከሰፊ ዕቃ ወደ ረጅም ሲገለበጥ የበዛ እንደሚመስላቸው አሳይቷል። ያንን ነገር በቃል ነግረህ አታስለቅቃቸውም፣ በእጃቸው ደጋግመው መሞከር አለባቸው። እዚያች ሳፋ ዙሪያ መቁጠር አለ፣ ማነጻጸር አለ፣ ተራ መጠበቅ አለ፣ ሐሳብን በቃላት ማስረዳት አለ። ደብተር ላይ ግን አንድም ነገር አይታይም።

እዚሁ ጅማ በከፍተኛ የምግብ እጥረት ተጎድተው ሆስፒታል በተኙ ከ6 ዓመት በታች ሕፃናት ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አለ። ከሕክምናው ጎን ለጎን ከቤተሰቦቻቸው ጋር በጨዋታ የታገዙት ልጆች በአካል እንቅስቃሴ ችሎታቸው የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። ጨዋታ ለታመመ ልጅ እንኳ ይህን ያህል ከሠራ፣ ለጤነኛው ጊዜ ማባከን ነው የምንልበት ምክንያት አይታየኝም።

"ልጁ የፈለገውን ያድርግ ማለት ነው"

በፍጹም። ሳፋውን ማን አዘጋጀው? ጠርሙሱንና ሳህኑን ሆን ብሎ የመረጠው ማን ነው? ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ልጅ ብቻውን ያልቻለውን፣ ትንሽ ሲታገዝ ግን የሚችለውን ሥራ ፈልጉ ይል ነበር። ያንን ለመፈለግ እያንዳንዱን ልጅ መከታተል፣ መቼ ዝም ማለት መቼ መጠየቅ እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ከማስገልበጥ በብዙ እጥፍ ይከብዳል። "ሕፃናትን የሚወድ ሁሉ ኬጂ ማስተማር ይችላል" የሚባለውም እዚህ ላይ ይወድቃል።

"ገንዘብ ይጠይቃል"

የጣሊያናዊቷ የሕፃናት ትምህርት አቅኚ የሞንቴሶሪ ስም ዛሬ ውድ ትምህርት ቤቶች በር ላይ ስለተለጠፈ ይመስለኛል። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 የመጀመሪያውን የልጆች ቤት የከፈተችው ግን ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንሶ በሚባል የድሆች ሰፈር ነው። ጅማ ላይ ደግሞ የአቮካዶ ፍሬ ሞልቷል። ታጥቦ ሲደርቅ ይቆጠራል፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረደራል። ቆርኪ፣ ካርቶን፣ የጨርቅ ቁራጭ፣ ጭቃ... ልጆቻችን ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ የሚሰበስቡትን ማየት ይበቃል። (ትንንሽ ነገር ወደ አፍና አፍንጫ እንዳይገባ ግን ዓይን ከልጆቹ ላይ አይነሳ።)

"60 ልጅ ይዤ? አይሆንም"

እውነት ነው፣ ይከብዳል። የክፍል መጨናነቅን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ግን ለ60 ሕፃን በአንዴ ሌክቸር መስጠትም እኮ አይሠራም፣ ከኋላ ያሉት እንቅልፍ ላይ ናቸው። ረዳት ካለች ግማሹ ውጭ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወት፣ ግማሹ በትንንሽ ቡድን ውስጥ ይሥራ፣ ከዚያ ይቀያየሩ። በቀን በግማሽ ሰዓት ቢጀመር ይበቃል።

"ሥልጠና ወስዳለች፣ አሁን ገብቷታል"

በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። አዳራሽ ሙሉ መምህራን በተርታ ተቀምጠው ስለ ቡድን ሥራ ጥቅም በፓወር ፖይንት ሌክቸር ይሰማሉ። አበል ይፈረማል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል፣ አለቀ። መምህር የሚያስተምረው ደግሞ በተማረበት መንገድ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ዝም ብላ ስትገለብጥ የተማረች ሴት "ልጆችን አሳትፉ" ስለተባለች ብቻ በሦስት ቀን አትለወጥም፣ ጥፋቱም የእሷ አይደለም።

የሚሠራ ሥልጠና ላይ መምህራኑ ራሳቸው ሳፋው ዙሪያ ይቀመጣሉ፣ ይቀዳሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ይከራከራሉ። መርጃ መሣሪያውን በእጃቸው ሠርተው ይዘው ይሄዳሉ። ከዚያ በእውነተኛ ልጆች ፊት ይሞክሩታል፣ አንዷ ስታስተምር ሌላዋ ሁለት ልጆችን ብቻ ትከታተላለች፦ ምን አሉ? ምን ጠየቁ? የቱ ላይ ሰለቻቸው? በመጨረሻ ቁጭ ብለው ይወያያሉ። ዋናው ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። በየወሩ የሆነ ሰው ክፍሏ ድረስ መጥቶ ማየት አለበት፣ ነጥብ ሊሰጣት ሳይሆን ሊያግዛት። በአንድ ክላስተር (በአቅራቢያ ባሉ ትምህርት ቤቶች ስብስብ) ያሉ መምህራን ተራ በተራ መጠያየቅ ይችላሉ፣ ብዙ ወጪም የለውም።

ርእሰ መምህሩና ሱፐርቫይዘሩም አብረው ይሠልጥኑ። ጸጥ ያለ ክፍል ጥሩ ክፍል ነው ብሎ የሚያምን አለቃ ካለ፣ ቲቸሯ የፈለገችውን ያህል ብትሠለጥን ልጆቹን ዝም ማሰኘቷ አይቀርም።

"እንግሊዝኛ ከአሁኑ ካልጀመረ ይቀደማል"

ጅማ ውስጥ አንድ ክፍል አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛ የሚናገሩ ልጆችን ሊይዝ ይችላል። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲም አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማርን የደገፈው ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ሲማር ስለሚቀለው ነው። ስለ ሳፋው ውሃ በቤቱ ቋንቋ መከራከር የሚችል ልጅ ሲያስብ ትሰማዋለህ። በእንግሊዝኛ ብቻ ተናገር ከተባለ ዝም ይላል፣ ወይ ያልገባውን ይደግማል።

እና ወላጆች፣ በቀጣዩ ስብሰባ ላይ ከሆምወርክ በፊት ይህን ጠይቁ፦ መምህራኑ ከሥልጠናው በኋላ ክፍላቸው ድረስ መጥቶ የሚያግዛቸው ሰው አለ? ልጆቹ በቀን ስንት ሰዓት በእጃቸው እየነኩ፣ እያወሩ ይማራሉ? የልጃችሁንም ደብተር ከመክፈታችሁ በፊት "ዛሬ ምን ሠራህ? ከማን ጋር?" በሉት።