በመረጃ ላይ የተመሠረተ ስምምነት ምንድን ነው?

መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ስሠራ ነው ነገሩ በደንብ የገባኝ። አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና የስምምነት ቅጹን አነብላቸው ጀመር። ገና ግማሽ ሳልደርስ «እሺ ልጄ፣ አንተ ካልክ ይሁን» ብለው አውራ ጣታቸውን ለአሻራ ዘረጉልኝ። ቀለሙን ከማቅረቤ በፊት፣ «እማማ፣ ደም የምንወስደው ለምንድን ነው አልኩዎት?» ስል ጠየቅኳቸው።

«ልታክሙኝ ነዋ!»

ጥናቱ ውስጥ ሕክምና የሚባል ነገር አልነበረም።

ያ «እሺ» ስምምነት አይደለም። የኛ ሰው እንግዳ ላለማሳፈርም፣ የተማረን ለማክበርም እሺ ይላል። በምርምር ሥነ ምግባር ስምምነት የሚባለው ሰውየው ምን እንደሚደረግ፣ ምን ሊጎዳው እንደሚችልና በፈለገ ጊዜ ጥሎ ቢወጣ ምንም እንደማይቀርበት አውቆ፣ ወዶ ሲፈቅድ ነው። ፊርማውና አሻራው ማስረጃ ናቸው እንጂ ስምምነቱ ራሱ አይደሉም።

እሺታ ብቻውን የት እንደሚያደርስ በአሜሪካ፣ አላባማ፣ ቱስኪጊ ታይቷል። በ1932 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን መዘገበ። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። የተነገራቸው ግን «መጥፎ ደም» እንዳለባቸው ነው። ነፃ ምርመራ፣ ምግብና የቀብር ወጪ ተሰጣቸው። ከጀርባቸው በመርፌ ፈሳሽ ሲቀዳ እንኳ «ልዩ ነፃ ሕክምና» ተባለላቸው። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን የበሽታው መድኃኒት ሲሆን እንዳያገኙ ተደረገ፤ አጥኚዎቹ በሽታው ሳይታከም እስከ ሞት ምን እንደሚያደርግ ማየት ነበር የፈለጉት። ጉዳዩ በ1972 ጋዜጣ ላይ ወጥቶ እስኪቆም 40 ዓመት ሆነው። ልብ በሉ፣ ሰዎቹ ወደ ምርመራው የሚመጡት በእግራቸው ነበር። የጥናት ተሳታፊዎችን የሚጠብቀው የአሜሪካ ሕግም፣ የምርምር ሥነ ምግባር መርሆችን ያስቀመጠው የ1979ኙ የቤልሞንት ሪፖርትም የመጡት ከዚህ ቅሌት በኋላ ነው።

የተሻለ መንገድም አለ፤ እሱ ደግሞ እዚሁ አገራችን ነው። ወላይታ ውስጥ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ማለትም በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ከመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ፣ በዘር ይያያዝ እንደሆነ ሊያጠኑ የተነሡ ተመራማሪዎች አስቀድመው ኅብረተሰቡን አነጋገሩ። አንዱ ስጋት ቤተሰቦቹ «የበሽታ ዘር» ተብለው ይበልጥ እንዳይገለሉ ነበር። ይሄ ቢሮ ተቀምጦ በተጻፈ ቅጽ የሚታወቅ ነገር አይደለም።

ወደ እናቲቱ ልመለስ። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ቅጹን ትቼ በራሴ አፍ አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ካልታከምኩማ ደሜ ይቅርብኝ» አሉ። «ፈቃደኛ አይደሉም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። የዕለቱ ኮታዬ በአንድ ሰው ጎደለ።