«ግሬድ 3» ማለት «ስቴጅ 3» ማለት አይደለም

በድሬዳዋ፣ በከዚራም ሆነ በመጋላ፣ የጡት እብጠት ናሙና ሰጥተው የፓቶሎጂ ውጤት የተቀበሉ ሴቶችና ቤተሰቦቻቸው ወረቀቱ ላይ «ግሬድ 3» የሚል ሲያዩ በሽታው የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰ መስሏቸው ተስፋ ይቆርጣሉ። ይህ እጅግ ያሳዝናል፤ ቁጥሩ ካንሰሩ የት እንደደረሰ ጨርሶ አይናገርምና።

ግሬድ የሚባለው ባለሙያው ናሙናውን በማይክሮስኮፕ መርምሮ፣ የካንሰሩ ሴሎች ከጤናማዎቹ ምን ያህል እንደተለዩና ምን ያህል እየተባዙ እንደሆነ በማየት የሚሰጠው መለኪያ ሲሆን፣ በጡት ካንሰር ከ1 እስከ 3 ይደርሳል። እስከ 4 የሚደርሰው ስቴጅ ግን የእብጠቱን መጠን፣ በብብት ሥር ያሉት የሊምፍ ዕጢዎች መነካታቸውን እንዲሁም በሽታው ወደ ሳንባ፣ ጉበት ወይም አጥንት መዛመት አለመዛመቱን ያመለክታል። ስለዚህ ከ2 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥና ወደ ብብት ያልዘለቀ እብጠት ግሬድ 3 ሆኖ ሳለ ስቴጅ 1 ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ካንሰር ደግሞ ይድናል ተብሎ የሚታከም ነው። ግሬዱ ከፍ ሲል ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምናው ጋር ኬሞቴራፒ ለመስጠት ይበልጥ ያዘነብላሉ።

ስቴጁ የሚታወቀው በአካል ምርመራ፣ በአልትራሳውንድ፣ እንደ አስፈላጊነቱም በሲቲ ስካን ነው። በመሆኑም ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከመደበቅ ይልቅ ይዞ ወደ ካንሰር ሐኪም መሄድ ይገባል፤ ለአካባቢው ነዋሪ ሐረር የሚገኘው የሕይወት ፋና ሆስፒታል ቅርብ ነው። «ብረት ከነካው ይሰራጫል» በሚል ፍርሃት ናሙና ከመስጠት መሸሽም ጊዜ ያስበላል። የማያም እብጠት፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ ወይም ከጫፉ የሚወጣ ደም ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።