ጅማና የበጋው ሙቀት

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ከባሕር ጠለል 1,780 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች የኦሮሚያ ከተማ ናት። ስሟ ሲነሣ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ቡናው፣ ዝናቡና ልምላሜው እንጂ ሐሩሩ አይደለም፤ ይህም አያስገርምም። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ 500 ሜትር አካባቢ ላይ ከምትገኘው ጋምቤላ ጋር ስትተያይ ጅማ በከፍታዋ ብቻ 8 ዲግሪ ገደማ ትቀንሳለች።

ይሁንና የሙቀት ማዕበል የሚባለው ነገር ለሁሉም ቦታ የሚሠራ አንድ ቁጥር የለውም። በአንድ አካባቢ ከተለመደው በላይ የሆነ ሙቀት ለተከታታይ ቀናት ሲቆይ፣ ያ ለዚያ አካባቢ የሙቀት ማዕበል ነው። 38 ዲግሪ ለጋምቤላ ነዋሪ የሚያውቀው ቀን ነው፤ ጅማ ላይ ግን ከዚያ በብዙ ያነሰው እንኳ ቤቱም፣ ልብሱም፣ የሥራ ሰዓቱም ያልተሰናዳበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በጋ አውሮፓ ውስጥ ከ70,000 በላይ ሰዎች በሙቀት ምክንያት ሲሞቱ ክፉኛ ከተጎዱት አንዷ ለብ ያለ አየር የለመደችው ፓሪስ ነበረች። እዚያም ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጡት በላይኛው ፎቅ፣ ከጣሪያው ሥር የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። የቆርቆሮ ጣሪያ ለበዛባት ከተማ ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

ወራቱ

ለአውሮፓ የሙቀት ጊዜ የሆኑት ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ለጅማ የጭቃና የጃንጥላ ወራት ናቸው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚወርድባት ይህች ከተማ በክረምት ቀዝቃዛ ናት። የምትሞቀው በበጋው ማብቂያ፣ ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ማለቂያ ነው፤ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ወደ 29 ዲግሪ ይጠጋል፤ በከፋ ቀን ያልፋል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ስለሚበርድ ሰውም ቤትም ከቀኑ ትኩሳት ይተነፍሳሉ። አስቸጋሪው ደመናው መሰብሰብ ሲጀምር ነው። ዝናቡ ሳይጥል አየሩ ይታፈናል፤ ላብ ቶሎ ስለማይደርቅ ገላ አይቀዘቅዝም፤ ሌሊቱም እንደ ጥር አይበርድም። 28 ዲግሪ ሆኖ ወበቅ ያለበት ቀን፣ 31 ዲግሪ ሆኖ ደረቅ ከሆነው ቀን ይበልጥ የሚያደክመው ለዚህ ነው።

ጣሪያና ግድግዳ

ጅሬን ኮረብታ ላይ የቆመው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለዚህ አየር የተሠራ ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ዙሪያውን በእንጨት በረንዳ የተከበበ ስለሆነ የቀትር ፀሐይ ግድግዳውን በቀጥታ አያገኘውም፤ ከፍ ብሎ በመቀመጡም ነፋስ ይደርሰዋል። ከ1878 እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) የገዙት ንጉሥ ስለ ሙቀት ጥናት አስጠንተው እንዳልነበር ግልጽ ነው፤ ግንበኞቹ ግን አገሩን ያውቁ ነበር። ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀሩት የከተማው ሕንፃዎችም ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ረጅም ነው።

ዛሬ የብዙው ሰው ቤት ሌላ ነው፦ የጭቃ ወይም የብሎኬት ግድግዳ፣ ከላይ ቆርቆሮ። የጭቃው ግድግዳ ደህና ነው፤ ሙቀትን ቀስ ብሎ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ይለቃል። ጉዱ ቆርቆሮው ነው። አዲስ ሲሆን ያብረቀርቃል፤ ስለዚህ ከፀሐዩ ብዙውን መልሶ ይተፋል። ሲዝግና ሲጠቁር ግን ይውጠዋል፤ የዋጠውንም ወደ ታች ይለቀዋል። ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቆሞ እጅን ወደ ላይ የዘረጋ ሰው ሙቀቱን መዳፉ ላይ ይቀበለዋል። የሚያቃጥለው አየሩ ሳይሆን ከብረቱ የሚወርደው ጨረር ነው፤ በርና መስኮት ከፍቶ መቀመጥ ብቻውን የማያሳርፈውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ለሙቀት ብሎ የሚያወጣት ጥቂት ገንዘብ ካለችው፣ ወደ ቬንቲሌተር ከመሮጡ በፊት ወደ ላይ ቢመለከት ይሻላል። ቺፑድ መግዛት ያልቻለ ሰው የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍቶ የሚወጥረው ኮርኒስ እንኳ ጨረሩን ያቋርጠዋል፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው አየር በጎንና በጎን በተከፈተ ቀዳዳ እንዲወጣ ከተደረገ ደግሞ የበለጠ ይሠራል። የዛገ ቆርቆሮን ነጭ ቀለም ወይም ኖራ መቀባትም ይረዳል፤ ኖራው ግን እንደ ጅማ ባለ ዝናብ በየዓመቱ መታደስ ይፈልጋል። ቬንቲሌተር አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዝም፤ ላብ እያደረቀ ግን ገላን ያበርዳል። የክፍሉ ሙቀት 40 ዲግሪ ካለፈ ጭራሹን ይጎዳል፤ ጅማ ላይ እዚያ የሚደርስ ቤት የሚገኝ ከሆነ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ክፍል ነው።

ፀሐይ ላይ የሚውሉት

የሂርማታ ሐሙስ ገበያ ላይ ሸራ ዘርግተው የሚውሉ ነጋዴዎች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ቡና ተሸካሚዎች፣ የባጃጅ ሾፌሮች፦ ሙቀት መጀመሪያ የሚያገኛቸው እነዚህን ነው። አንድ ነገር ላንሣ። የታጠበ ቡና አልጋ ላይ ሲሰጣ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ በሸራ ወይም በምንጣፍ ይሸፈናል፤ ፀሐዩ ከበረታበት ገለባው ይሰነጠቃል፣ ጥራቱም ይወርዳል። ቡናውን የሚያገላብጡት ሴቶች ግን በእነዚያው ሰዓቶች እዚያው ይቆማሉ። ለፍሬው የተሰጠው የጥላ ሰዓት ለሠራተኛዋም ቢሰጥ፣ ሥራው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ ቀትር ላይ ቢቋረጥ፣ የሚጠይቀው ተጨማሪ ወጪ እምብዛም ነው።

የጾሙ ጉዳይም አለ። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ረመዳን የገባው በየካቲት ነው፤ ዐቢይ ጾምም በሁለቱም ዓመት በዚያው ሰሞን ጀምሯል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ውኃ ሳይቀምስ የሚውለው እንግዲህ በዓመቱ በጣም በሚሞቀው ወቅት ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ቀዝቃዛዎቹ ወራት ይገባል፤ ዐቢይ ጾም ግን ከዚህ ወቅት አይወጣም። ለሚጾም ሰው የሚበጀው ሱሁር ላይ አንድ ጆግ በአንዴ መጋት ሳይሆን ከኢፍጧር ጀምሮ ሌሊቱን እየከፋፈሉ መጠጣት፣ ጨው የበዛበትን ምግብ መቀነስ፣ ከባድ ሥራን በማለዳ መጨረስ ነው። ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ሁለቱም ሃይማኖቶች ፈቃድ አላቸው፤ ሼኩን ወይም የንስሐ አባትን መጠየቅ ነውር የለውም።

ስለ መጠጡ ካነሣን፣ ከገብስ የሚዘጋጀው ቀሪቦ አልኮል የሌለበት የአገሬው መጠጥ ሆኖ ለሙቀት ቀን ደህና ነው፤ አደጋው ከፈላ በኋላ በሚጨመርበት ውኃና በዕቃው ንጽሕና ላይ ነው። ቡና ያደርቃል ቢባልም በልኩ ከሆነ ሰውነትን አያደርቅም። ጫት ግን ሌላ ነው፤ የሰውነትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፣ የልብ ምትም ይጨምራል። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ መስኮቱ በተዘጋ፣ ኮርኒስ በሌለው ክፍል ውስጥ መቃም በሙቀት ላይ ሙቀት መደረብ ነው። የቃሚው ውኃ አጠገቡ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ መስኮቱም መከፈት አለበት።

ሰው ሲወድቅ

ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብዙ ማላብና መድከም የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ጥላ፣ ዕረፍትና ውኃ ይመልሰዋል። ብዙ ላብ ለወጣው ሰው አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ከተራ ውኃ ይበልጥ ይጠቅማል። ሰውየው መቃዠት፣ መንተባተብ ወይም ራሱን መሳት ከጀመረ ግን ሰውነቱ 40 ዲግሪ ደርሷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሰዓት የማይሰጥ አደጋ ነው።

እዚህ ላይ የቤት ልማዳችን ሊያሳስተን ይችላል። ፀሐይ ላይ ውሎ የታመመን ሰው «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ ማጠጣት፣ ጋቢ ደርቦ ማስተኛት የተለመደ ነው። በሙቀት ለተመታ ሰው ጋቢው ገዳይ ነው። ልብሱን አውልቆ፣ ውኃ በገላው ላይ እያፈሰሱ ማራገብ፣ ብብቱንና አንገቱን በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝ፣ በዚያው እያቀዘቀዙ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ራሱን የሳተን ሰው ምንም ማጠጣት አይገባም፤ ዳማከሴውንም ጭምር።

የከተማው ድርሻ

ጅማን ቀዝቃዛ ያደረጋት ከፍታዋ ብቻ አይደለም። አዌቱ መሃሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ዙሪያዋን ደግሞ ቦዬ፣ ቂጦና ኮፌን የመሳሰሉ ረግረጋማ ቦታዎች አሉ። ከረግረጉና ከዛፍ ቅጠል የሚተነው ውኃ ከአካባቢው አየር ሙቀት ይወስዳል፤ አስፋልትና ሲሚንቶ ግን ቀን የጠጡትን ሙቀት ማታ ይመልሳሉ። ረግረጉ ለጡብ ሸክላ ሲቆፈር፣ በባሕር ዛፍ ሲደርቅ፣ ቆሻሻና ገረጋንቲ ሲሞላበት፣ ከተማዋ በነጻ ያገኘችውን ማቀዝቀዣ እያጠፋች ነው። ክረምት ላይ ጎርፉ ሌላ ሂሳብ ያስከፍላል።

በቅርብ ዓመታት የኮሪደር ልማት ሥራ መንገዱን አስፍቷል፣ የወንዝ ዳሩንም አስተካክሏል። ለእግረኛ መልካም ነው። ሆኖም አዲስ የተነጠፈ ሰፊ የእግር መንገድ ዛፍ ከሌለው በየካቲት ቀትር ላይ የሚሄድበት አይገኝም። ለጌጥ የሚተከለው ዘንባባ ጥላ የለውም። ዋንዛ፣ ሾላና ሳሳ ግን የአገሩ ናቸው፤ ሥራቸውንም ገበሬው በደንብ ያውቀዋል፤ ጅማ ቡናዋን የምታበቅለው በዋንዛና በሳሳ ጥላ ሥር ነው። የተከላው ዘመቻ በክረምት ይካሄድና ችግኙ በበጋው ይደርቃል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ውኃ የሚያጠጣ ሰው በጀት ካልተያዘለት የተቆፈረው ጉድጓድ ብቻ ይቀራል።

የሕንዷ አሕመዳባድ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 ከተለመደው በላይ 1,344 ሰዎች ከሞቱባት በኋላ በ2013 የሙቀት ዕቅድ አወጣች። ዕቅዱ በአመዛኙ ውድ ነገር አልነበረም፦ የአየር ትንበያው ሙቀት ሲያሳይ ሕዝቡን ማስጠንቀቅ፣ የጤና ሠራተኞችን ማሠልጠን፣ ውኃ ማዳረስ፣ ኋላም የድሆችን ጣሪያ ነጭ መቀባት። የጅማ ሙቀት የአሕመዳባድን ያህል አይደለም፤ መሣሪያው ግን አብዛኛው እጇ ላይ ነው። የሜትዎሮሎጂ ትንበያ አለ፣ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናንም ግብርናንም ያስተምራል። የቀረው ትንበያውን ከቀበሌዋ ሠራተኛ ጋር ማገናኘት ነው፦ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሊነገር በሚችል አጭር መልእክት፣ ሙቀቱ ከመምጣቱ ሁለትና ሦስት ቀን አስቀድሞ።