«እንደ ባርኔጣ ሠሪ ያበደ»፦ የእንግሊዞች አባባል ትርጉምና መነሻ

እንግሊዞች ንግግሩ ከጉዳዩ የወጣ፣ አድራጎቱ ግራ የሚያጋባ ሰው ሲያጋጥማቸው «እንደ ባርኔጣ ሠሪ አብዷል» ይላሉ። እኛ «ጨርቁን ጥሎ አበደ» ስንል የለየለትን እብድ ነው የምናስበው። የእነሱ አባባል ግን ላላ ያለ ነው፤ በእውነት ለታመመ ሰው ሳይሆን ለአፈንጋጩ ዘመድ፣ የማይሆን ሐሳብ ይዞ ለሚመጣው ጓደኛ ይነገራል።

ብዙ ሰው አባባሉ ያበደ ባርኔጣ ሠሪ ካለበትና ሉዊስ ካሮል ጽፎ በ1865 እ.ኤ.አ. ካሳተመው የአሊስ የልጆች ታሪክ የወጣ ይመስለዋል። ስህተት ነው። በ1829 ኤድንብራ ይታተም በነበረ መጽሔት ላይ ይገኛል፤ መጽሐፉ ከመውጣቱ 36 ዓመት በፊት ማለት ነው። ደራሲው በሰው አፍ ላይ የነበረውን ወስዶ ገጸ ባሕርይ ሠራበት እንጂ አልፈጠረውም።

ታዲያ ሸማኔው ወይም ጫማ ሰፊው ቀርቶ ባርኔጣ ሠሪው ለምን ተመረጠ? መልሱ ያለው ሥራው ውስጥ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ማንችስተር አጠገብ ባሉት በስቶክፖርትና በዴንተን ባርኔጣ ሥራ ከዋነኞቹ መተዳደሪያዎች አንዱ ነበር። ጥሩው ባርኔጣ የሚሠራው ከፌልት ነው፤ ፌልት የሚባለው ሳይፈተልና ሳይሸመን፣ በሙቀት፣ በእርጥበትና በእሽታ ብቻ እርስ በርሱ የተያያዘ ጸጉር ነው። ቢቨር የሚባለው የወንዝ ዳር እንስሳ ጸጉር በቀላሉ ይያያዛል፣ ግን ውድ ነው። የጥንቸል ጸጉር ርካሽ ነው፤ ችግሩ ለስላሳ ስለሆነ እንደልብ አለመያያዙ ነው።

መፍትሔው ባዚቃ ሆነ፤ ዛሬ ሜርኩሪ የምንለው። ባዚቃውን በናይትሪክ አሲድ አሟሙተው፣ ቆዳው ላይ እንዳለ ጸጉሩን በብሩሽ ይቀቡታል። ሲደርቅ የጸጉሩ ጫፍ ወደ ብርቱካናማ ይለወጣል፣ ገጹም ይሻክርና አንዱ ጸጉር ሌላውን መያዝ ይችላል። ውሕዱ ከበረታ ጸጉሩ ይሰባበራል። ከደከመ ደግሞ ፌልቱ ሳይጠብቅ ይቀርና ባርኔጣው ቅርጹን አይዝም።

ከዚያ ጸጉሩ ከቆዳው ተቆርጦ ወደ ነዳፊው ይሄዳል። ነዳፊው ከጣሪያ የተንጠለጠለ፣ 2 ሜትር ገደማ የሚረዝም ደጋን ይዞ ጅማቱን ጸጉሩ ላይ ያርገበግበዋል፤ እናቶቻችን ጥጥ በደጋን እንደሚነድፉት ነው። ጸጉሩ ብን ብሎ ተነሥቶ በስስ ንጣፍ መልክ ያርፋል። እዚህ ላይ አንድ ቦታ የሳሳ እንደሆነ ኋላ እሽታው ላይ ይቀደዳል። ሁለት ንጣፍ ጫፍ ለጫፍ ተገጥሞ ሾጣጣ ይሆናል፤ ውስጡ እንዳይጣበቅ በመሐል ጨርቅ ወይም ወረቀት ይገባበታል። በዚህ ደረጃ ሾጣጣው ካለቀለት ባርኔጣ እጥፍ ያህል ነው።

ቀጥሎ ያለው እንፋሎት የሞላበት ከባዱ ሥራ ነው። ትንሽ ሰልፈሪክ አሲድ የተጨመረበት ውኃ በትልቅ ጋን ይፈላል፤ ዙሪያውን ዘቅዘቅ ያሉ ሳንቃዎች ተገጥመዋል፤ ወንዶቹ በየሳንቃቸው ቆመው ሾጣጣውን እየነከሩ፣ እየጠቀለሉ ያሹታል። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከተጠቀለለ ወደ አንድ ጎን ይኮማተራል፣ እጥፋቱም ምልክት ይተዋል፤ ስለዚህ እያዟዟሩ ማጠፍ ግድ ነው። ከዚያ ሼላክ በሚባል ሙጫ ይደድራል፣ በእንጨት ቅርጽ ላይ ይወጠራል፣ ይቀለማል፣ በመጨረሻም በትኩስ ካውያ ይለሰልሳል።

መርዙ የት እንደገባ ልብ በሉ። ባዚቃው ከጸጉሩ ጋር አብሮ ሄዷል፤ ሙቀት ባገኘው ቁጥር ወደ አየር ይወጣል፦ ሲደርቅ፣ ሲፈላ፣ ሲተኮስ። ጸጉሩ ሲቆረጥና ሲነደፍ ደግሞ በብናኝ መልክ ይተነፈሳል። ብርዱን ለመከላከል መስኮት ሲዘጋ ይብሳል። በዓመታት ውስጥ ሰውየው ድዱ ያብጣል፣ ምራቁ ይበዛል፣ ጥርሱ ይወልቃል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ስኒ መያዝና ስም መጻፍ ያቅተዋል። አሜሪካ ውስጥ በባርኔጣ ሥራዋ የታወቀችው የኮኔክቲከቷ ዳንበሪ በሽታውን በራሷ ስም እስከመጥራት ደርሳ ነበር፤ «የዳንበሪ መንቀጥቀጥ» ይባላል።

አንዳንድ ሐኪሞች ግን በዚህ አመጣጥ ላይ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። ባዚቃ የጎዳው ሰው የሚለፈልፍ እብድ አይሆንም። ይልቅ ዓይን አፋር ይሆናል፣ ሰው ሲያየው ይደነግጣል፣ ይደብተዋል፣ በትንሹም ይቆጣል። የአባባሉ ባርኔጣ ሠሪና የሥራ ቤቱ ባርኔጣ ሠሪ ጠባያቸው አይገጥምም። ቢሆንም ሥራውና በሽታው አብረው የኖሩ ናቸው፤ አባባሉን የሚናገረው ደግሞ ከውጭ የሚያየው ሕዝብ እንጂ ሠራተኛው አልነበረም። ከውጭ ለሚያይ ሰው የሚንቀጠቀጥ፣ ያለ ምክንያት የሚቆጣ ሰው «አበደ» ለመባል በቂው ነው።

አባባሉ የሚያየው ወንዱን ብቻ ነው። ሴቶቹ ግን በሥራው በሁለቱም ጫፍ ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ከጥንቸል ቆዳ ረጃጅሙንና ሸካራውን ጸጉር የሚነቅሉት እነሱ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ በመኖሪያ ቤት ስለሚሠራ ብናኙ ምግቡም አልጋውም ላይ ያርፋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ያለቀለትን ባርኔጣ የሚያሳምሩት እነሱ ናቸው፦ ላብ የሚቀበለውን ቆዳ ከውስጥ ይሰፋሉ፣ ገበር ያገባሉ፣ ክፈፉን ይቀምቅማሉ፣ ሪባኑን ያስራሉ። በሼላክ የደደረ ፌልት ለመርፌ አይመችም፤ ጣት ያቆስላል። በጋኑና በካውያው ፊት የሚቆመው ወንዱ ስለነበር ዋናውን እንፋሎት የተነፈሰው እሱ ነው።

የእንግሊዟ ሉተን ከተማ ግን ሌላ ነገር ነበረች። እዚያ ባርኔጣው ከስንዴ አገዳ ይሠራ ስለነበር ባዚቃ አያስፈልገውም ነበር። በአካባቢው መንደሮች ሴቶችና ሕፃናት የተሰነጠቀ አገዳ በምራቅ እያራሱ ይጎነጉኑ ነበር፤ ጉንጉኑ በ20 ያርድ እየተለካ ገበያ ይወጣ ነበር፤ ከተማ ያሉት ሴቶች ደግሞ ይሰፉት ነበር። ሁሉም ባርኔጣ ሠሪ ይባሉ እንጂ ይህ በሽታ የፌልቱ ነው።

አሜሪካ በ1941 ባዚቃን ከባርኔጣ ሥራ አስወጣች፤ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የመሳሰሉ ምትኮች ቦታውን ያዙ። የድሮዎቹ የፌልት ባርኔጣዎች ግን ዛሬም ሲመረመሩ ባዚቃ ስለሚገኝባቸው የሙዚየም ሠራተኞች በጓንት ነው የሚይዟቸው። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የዚያን ዘመን ፌልት ባርኔጣ የገዛ ሰውም ከመድፋቱ፣ በእንፋሎት ከመወጠሩ ወይም ከመተኮሱ መቆጠብ አለበት።