በቪስቱላ ወንዝ ላይ፦ ስለ ድኅረ ጦርነት ሚና ጨዋታ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ለአምስት ሆነን የሚና ጨዋታ እንጫወታለን፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ሆነው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፣ ያልታወቀውን ዳይስ (ባለ ቁጥር የዕድል ኩብ) ይወስነዋል። ታሪኩን የምመራው እኔ ነኝ። ሌሎቹ አራቱ ተጫዋቾች፣ ጦርነት ባፈራረሳት ፖላንድ፣ ከክራኮው ተነስተው በቪስቱላ ወደ ባልቲክ ባሕር የሚወርዱ ጀልበኞች ናቸው። ጨዋታው እውነት እንዲመስልም እንዲጥምም ስለማድረግ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል።

«እውነት እንዲመስል ሁሉም ነገር ይቆጠር።»
እኔም መጀመሪያ ጥይት በጥይት አስቆጠርኩ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጀልባዋ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ አመሸን። አሁን የምንቆጥረው ውሳኔ የሚያስገድደውን ብቻ ነው፦ ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ የሰው ቦታ።

«አልኮል ካለ ሞተሩ ይነሳል።»
ዳግም አረቄ እንኳ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ለሞተር እንዲሆን ደጋግሞ ማውጣት ይጠይቃል፤ በተለመደው አወጣጥ ደግሞ ከ96 በመቶ አያልፍም። ያም ተገኝቶ የአንድ ሊትር ጉልበቱ ከቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የሚወጣው ከእህል ነው። እህሉን እንብላው ወይስ እናንድደው? በዚህ ጥያቄ አንድ ምሽት ሙሉ ተከራክረናል፤ ከተጫወትናቸው ሁሉ ያ ምሽት ይበልጥብኛል።

«ወንዙ ራሱ ይወስዳል።»
ቪስቱላ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ቢረዝምም ብዙ ቦታ ላይ ጥልቀት የለውም፤ አሸዋውም ቦታ ይቀያይራል። የከተማችንን ወንዝ በሬሳን በክረምትም በበጋም ላየ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። አንዷ ተጫዋች ጥልቀቱን ለመለካት ገመድ በየክንዱ ቋጥራ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አስራ ከፊት ቆመች። «አራት ክንድ» አልኳት። «ሦስት... ሁለት...» ዳይስ ሳይጣል ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ።

«ወንዝ ዳር ያለ ሁሉ ሽፍታ ነው።»
አይደለም። አብዛኛው ጨው፣ ዘርና ወሬ የሚፈልግ ገበሬ ነው።

«ጦርነት ያየ ሰው እንዲህ ያለ ጨዋታ አይወድም።»
በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ነበር፤ አንዱ ጓደኛችን የዚያው ልጅ ነው። ስለዚህ ከመጀመራችን በፊት ጠየቅነው። «የተቃጠለ ቤት አታሳዩኝ፤ ተፈናቃይ ግን እናሳፍር» አለን። ተስማማን። በቀጣዩ ቅዳሜ ስድስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ከዳር ቆሞ እጁን አውለበለበ፤ ጀልባዋ ሞልታ ነበር። ነዳጅ ልናወጣበት ካስቀመጥነው እህል ሁለት ጆንያ ወንዝ ውስጥ የጣለው ያው የሸዋ ሮቢቱ ጓደኛችን ነው።