ስለ ፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፍቅር ልብ ወለድ በቀላሉ የሚነበብ መሆኑ በቀላሉ የሚጻፍ አስመስሎታል። ወደ ሙያው ለመግባት የሚያስቡ ጀማሪዎች የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ስመረምር ከብዙዎቹ ሥር ይህንኑ ግምት አገኛለሁ። ግምቱ ጀማሪውን በሁለት በኩል ይጎዳዋል፤ ሥራውን ንቆ ሳይዘጋጅ እንዲጀምረው ያደርገዋል፣ መሐል ላይ ሲከብደው ደግሞ ችሎታ እንደሌለው ቆጥሮ እንዲተወው ይገፋፋዋል። ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን አመለካከቶች ከዚህ በታች አንድ በአንድ አነሳለሁ።

«መጨረሻው ስለሚታወቅ ለመጻፍ ቀላል ነው»

መጨረሻው የሚታወቅ መሆኑ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተው የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ማኅበር ለዘርፉ የሰጠው ብያኔ ሁለት ነገሮችን ብቻ ይጠይቃል፤ የታሪኩ ማዕከል የፍቅር ግንኙነት እንዲሆን፣ ፍጻሜውም አንባቢን የሚያረካና ተስፋ ያለው እንዲሆን። በዚህ ብያኔ መሠረት ፍቅረኞቹን ሞት ወይም መለያየት የሚያሸንፋቸው ድርሰት፣ የቱንም ያህል ታላቅ ቢሆን፣ የሌላ ዘርፍ ሥራ ነው።

አስቸጋሪነቱ የሚጀምረው ግን ከዚሁ ነው። የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊ ገዳዩን እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ሸሽጎ አንባቢውን ይዞ መጓዝ ይችላል፤ የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊ የሚሸሽገው መልስ የለውም። አንባቢው መጽሐፉን ሲገልጥ ሁለቱ ሰዎች አብረው እንደሚጨርሱ ያውቃል፣ እያወቀም ወደ መጨረሻው ሲቃረብ «እነዚህ ሰዎች ከዚህ በኋላ እንዴት ይታረቃሉ?» ብሎ ከልቡ መስጋት አለበት። ይህን ስጋት የሚፈጥረው ግጭት ነው፤ በእኔ እምነት ከጀማሪዎች ረቂቅ ውስጥ አብዛኛው የሚወድቀውም በቋንቋ ድክመት ሳይሆን በግጭት እጥረት ነው።

ግጭት ውጫዊና ውስጣዊ ገጽታ አለው። ለምሳሌ የአንድ ሆስፒታል ሐኪም የሆነች ሴትና ክፍሏን ለመዝጋት የሚያስችል ጥናት እንዲያቀርብ የተላከ የሒሳብ ባለሙያ አሉ እንበል። የክፍሉ መዘጋት አለመዘጋት ውጫዊው ግጭት ነው፤ ሁለቱን በየቀኑ ያገናኛል፣ ያከራክራልም። ይህ ብቻ ከሆነ ግን ውሳኔው በተለወጠ ቀን ታሪኩ ያልቃል። ሐኪሟ በልጅነቷ አባቷ ጥሏት ስለሄደ ሰው ሳይተዋት ቀድማ መተውን የለመደች፣ ባለሙያውም አንድ ጊዜ በስሜት በወሰነው ውሳኔ ቤተሰቡን ለኪሳራ ዳርጎ ከዚያ ወዲህ ከቁጥር በቀር የማያምን ከሆነ፣ የአንዱ መከላከያ የሌላውን ቁስል ይነካል ማለት ነው። እርሱ ለመወሰን ጊዜ ሲጠይቅ እርሷ ሊተዋት እንደሆነ ትቆጥረዋለች፤ እርሷ ፊቷን ስታዞር እርሱ ስሜትን ማመን ስሕተት እንደነበር ማስረጃ ያገኛል። አሁን ክፍሉ ከመዘጋት ቢድንም ሁለቱ ገና አልዳኑም።

አንድ ቀላል መመዘኛ አለ። ሁለቱ ገጸ ባሕርያት ተቀምጠው ለአምስት ደቂቃ በግልጽ ቢነጋገሩ ችግራቸው ይፈታል? መልሱ አዎ ከሆነ በእጅ ያለው ግጭት ሳይሆን አለመግባባት ነው፤ አለመግባባት ደግሞ አንድን ምዕራፍ እንጂ መጽሐፍን አይሸከምም። በተመሳሳይ መንገድ መሰናክሉ የሚወገደው ባልተጠበቀ ውርስ፣ በድንገተኛ ሞት ወይም በሦስተኛ ሰው ይቅርታ ከሆነ አንባቢው እንደተታለለ ይቆጥረዋል፤ መሰናክሉን ማለፍ ያለባቸው ራሳቸው ተለውጠው ነው። እኔ ረቂቅ ስገመግም በእያንዳንዱ ትዕይንት ኅዳግ ላይ ሁለቱ ከነበሩበት ተቀራረቡ ወይስ ተራራቁ፣ ምክንያቱስ ምንድን ነው የሚለውን በአንድ መስመር እጽፋለሁ። መስመሩን መጻፍ ያቃተኝ ትዕይንት፣ ንግግሩ ቢያምርም፣ ይወጣል።

«ታላቅ ፍቅር ያላሳለፈ ሰው ስለ ፍቅር መጻፍ አይችልም»

ከዚህ ጋር የሚዛመደው ሌላው እምነት ጸሐፊው የሚጽፈው የራሱን ሕይወት ነው የሚለው ነው፤ በዚህ የተነሣ ብዙ ጸሐፊዎች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ የመጽሐፋቸው ጀግና ማን እንደሆነ ሲጠየቁ ይኖራሉ። ጄን ኦስተን ሳታገባ የኖረች ሴት ነበረች፤ ስለ ጋብቻና ስለ መተጫጨት የጻፈችው ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ይነበባል። ለጸሐፊው የሚያስፈልገው ሰዎች የሚሉትንና የሚፈልጉትን ለይቶ የማየት ልምድ ነው። የራሱን ፍቅር እንዳለ ወደ ወረቀት የሚገለብጥ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው እውነታውን ለማስተካከል እጁ ስለማይታዘዘው ነው፤ «እንዲህ ነበር የሆነው» የሚለው መከራከሪያ ለድርሰት አይሠራም።

«አሳታሚዎቹ የሚሰጡት ምስጢራዊ ቀመር አለ»

የዚህ ሐሜት ዋና ተጠቂ ሚልስ ኤንድ ቡን ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1908 በለንደን ሲመሠረት ልዩ ልዩ ዓይነት መጻሕፍትን ያሳትም ነበር፤ በፍቅር ልብ ወለድ ላይ ያተኮረው በ1930ዎቹ ሲሆን፣ በ1971 ደግሞ የካናዳው ሃርለኪን ገዛው። እንዲህ ያሉ አሳታሚዎች በተከታታይ ለሚያወጧቸው መጻሕፍት ለጸሐፊዎች በግልጽ መመሪያ ያወጣሉ። በመመሪያው ውስጥ የሚገኘው ግን የመጽሐፉ ርዝመት፣ የታሪኩ መቼትና የቅርርብ ትዕይንቶቹ የግልጽነት መጠን ነው። ርዝመቱ እንደየዓይነቱ ቢለያይም ለአጫጭሮቹ 50,000 የእንግሊዝኛ ቃላት አካባቢ ነው። በየትኛው ገጽ መሳሳም እንዳለበት የሚወስን ሠንጠረዥ የለም።

ልማዶቹም ቢሆኑ ቋሚ አይደሉም። ቀድሞ አብዛኞቹ መጻሕፍት በሴቷ አንጻር ብቻ ይተረኩ ስለነበር አንባቢ የወንዱን ሐሳብ የሚያውቀው ከድርጊቱና ከንግግሩ ነበር፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ የሁለቱን አንጻር እያፈራረቁ መተረክ ተለመደ። ጀማሪ ጸሐፊ ሊሠራበት ያሰበውን ዘርፍ የቅርብ ጊዜ መጻሕፍት ሳያነብ ከሃያ ዓመት በፊት ባነበበው ቢጽፍ፣ የሚጽፈው ዛሬ ለሌለ ገበያ ነው።

«ልዩ ስሜት እስኪመጣ መጠበቅ ያስፈልጋል»

የእንግሊዙ አንቶኒ ትሮሎፕ፣ ልብ ወለዶቹ በአብዛኛው በፍቅርና በጋብቻ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ጸሐፊ፣ የፖስታ ቤት ባለሥልጣን ነበር። ከሥራ ሰዓቱ በፊት ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከጠረጴዛው ይቀመጥና ሰዓቱን ፊት ለፊቱ አድርጎ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ለመጻፍ ራሱን ያስገድድ ነበር። ይህን ከሞቱ በኋላ በ1883 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ በግልጽ ጽፎታል፤ ግልጽነቱ በአንዳንድ ሐያሲያን ዘንድ ክብሩን ቀነሰበት፣ ጥበብ በሰዓት አይለካም የሚሉ ነበሩና። ልብ ወለዶቹ ግን ዛሬም በኅትመት ላይ ናቸው።

የትሮሎፕን መንገድ ሁሉም ይከተል ማለቴ አይደለም። ከ700 በላይ መጻሕፍት ያሳተመችው ባርባራ ካርትላንድ ሶፋ ላይ ጋደም ብላ እየተናገረች ጸሐፊዋ ትመዘግብላት ነበር። ኖራ ሮበርትስ በ1979 በበረዶ ምክንያት ከሁለት ትንንሽ ልጆቿ ጋር ከቤት መውጣት ባልቻለች ጊዜ ነው መጻፍ የጀመረችው። የሦስቱ ልማድ አይመሳሰልም፤ ሦስቱም ግን የተቋረጠውን ሥራ በማግስቱ ይቀጥሉት ነበር። ሥራ ያለውና ልጅ የሚያሳድግ ሰው በቀን ሦስት መቶ ቃል መጻፍ ከቻለ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ ሺህ ቃል በላይ ይኖረዋል፤ ስሌቱ ዕረፍት ቀንን ባይተውም፣ ግማሹ እንኳ ቢሳካ ለአንድ አጭር ልብ ወለድ የሚበቃ ረቂቅ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲያምር መጠበቅም የዚሁ ስሕተት ቅርንጫፍ ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ደጋግመው እያሻሻሉ ሁለተኛውን ያልደረሱ ብዙ ናቸው። መጨረሻው ሳይጻፍ መጀመሪያው ምን መሆን እንዳለበት ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው መጻፍ፣ ለጥቂት ሳምንታት መተው፣ ከዚያ መጀመሪያ ግጭቱንና የትዕይንቶቹን ቅደም ተከተል፣ በኋላም ንግግሩን፣ በመጨረሻ ዐረፍተ ነገሩን ማረም ይሻላል። ነገ የሚሰረዝን ገጽ ዛሬ ፊደሉን ማስተካከል ጊዜን ማባከን ነው።

«የመኝታ ቤት ትዕይንት የሌለው የፍቅር ልብ ወለድ አይሸጥም»

ይሸጣል። በ1974 ያረፈችው ጆርጄት ሄየር መሳሳምን እንኳ ቆጥባ የጻፈቻቸው መጻሕፍት ዛሬም እየታተሙ ይሸጣሉ። የግልጽነቱ መጠን የጸሐፊውና የአንባቢው ምርጫ ነው፤ የማይመቸውን ትዕይንት ለገበያ ብሎ የጻፈ ሰው አለመመቸቱ ከገጹ ላይ ይነበብበታል። ዘርፉን የሚጽፉት ሴቶች ብቻ ናቸው የሚለውም እንደዚሁ ረጅም መልስ አይሻም። አሜሪካዊው ቶም ሃፍ በ1970ዎቹ ጄኒፈር ዋይልድ በሚል የብዕር ስም በሰፊው ይነበብ ነበር።

«ሐሳቤን ይሰርቁብኛል»

በዚህ ፍርሃት ረቂቃቸውን ለማንም ሳያሳዩ ዓመታት የሚያሳልፉ አሉ። የቅጂ መብት ሐሳብን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን ጽሑፍ ነው። የቅጂ መብትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ውል፣ የበርን ስምምነት፣ አባል በሆኑ አገሮች ይህ ጥበቃ ያለ ምዝገባ፣ ከሥራው መፈጠር ጋር ይጀምራል። በጠላትነት ጀምረው የሚፋቀሩ ሁለት ሰዎች ወይም ለጥቅም ተጋብተው በኋላ የሚዋደዱ ባልና ሚስት የማንም ንብረት አይደሉም፤ ለአሥር ጸሐፊዎች ቢሰጡ አሥር የተለያዩ መጻሕፍት ይወጣቸዋል። ረቂቅን ለሁለትና ሦስት ጥሩ አንባቢዎች አለማሳየት ከስርቆቱ የበለጠ ይጎዳል። አንባቢዎቹ ዘርፉን የሚወዱ ይሁኑ፤ የማይወድ ሰው የሚሰጠው አስተያየት መጽሐፉን ወደ ሌላ ዘርፍ የሚጎትት ነው።

«አሳታሚ ከመለሰው ጽሑፉ አይረባም»

በ1797 የጄን ኦስተን አባት ለአንድ የለንደን አሳታሚ ስለ ልጁ ረቂቅ የጻፉት ደብዳቤ ተቀባይነት አጥቶ ተመለሰ። አሳታሚው ረቂቁን አላነበበውም። ያ ረቂቅ በኋላ ታርሞ በ1813 «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» በሚል ርዕስ የታተመው ልብ ወለድ እንደሆነ አጥኚዎች ያምናሉ። ኖራ ሮበርትስም የመጀመሪያ ረቂቆቿን ለሃርለኪን ስትልክ ከተሰጧት መልሶች አንዱ አሜሪካዊ ጸሐፊ ቀድሞ አለን የሚል እንደነበር ተናግራለች። በ1980 አሜሪካውያን ጸሐፊዎችን የሚፈልግ ሲልዌት የተባለ ተፎካካሪ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያ መጽሐፏም በዚያ በ1981 ታተመ። በሁለቱም ጊዜ ለእምቢታው ምክንያት የሆነው የጽሑፉ ጥራት አልነበረም።

ይህን መጽናኛ አድርጎ ሁሉንም እምቢታ መናቅ ግን ተቃራኒው ስሕተት ነው። ምክንያት ያልተሰጠበት እምቢታ ስለ ጽሑፉ ምንም አይነግርም፤ ምክንያት ጠቅሶ የጻፈ አርታኢ ግን ጊዜውን ሰጥቷል። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት አርታኢዎች አንዱን ምዕራፍ ካነሡ ምዕራፉ ችግር አለበት፤ ያቀረቡት መፍትሔ የተለያየ ቢሆንም ሕመሙ ያለበትን ቦታ አሳይተዋል።

«ዋናው ነገር መታተሙ ነው፤ ውሉ በኋላ ይታያል»

ብዙ ጸሐፊዎች ዋጋ የከፈሉበት አመለካከት ይህ ነው። ኦስተን በ1811 የታተመውን የመጀመሪያ መጽሐፏን ያወጣችው ኪሳራው በራሷ እንዲሆን ተስማምታ ነበር፤ የመጀመሪያው ኅትመት ሁሉ ተሸጦ 140 ፓውንድ አተረፈላት፣ የቅጂ መብቱም በእጇ ቀረ። ቀጣዩን፣ «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ»ን፣ ግን የቅጂ መብቱን ለአሳታሚው በ110 ፓውንድ ሸጠችው፤ የፈለገችው 150 ነበር። መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ሁለተኛ ኅትመት ሲደርስ ከትርፉ ምንም አላገኘችም።

ዛሬ የሚቀርቡ ውሎች ቃላቸው ቢለያይም ጥያቄው ያው ነው። ጸሐፊው የሚሰጠው የማሳተም ፈቃድ ነው ወይስ መብቱን ጠቅላላ? ፈቃዱ የታተመውን መጽሐፍ ብቻ ይመለከታል ወይስ የኤሌክትሮኒክስ ቅጂን፣ የድምፅ ትረካን፣ ትርጉምንና ፊልምን ይጨምራል? ቅድመ ክፍያ የሚሰጥ ከሆነ ስጦታ አይደለም፤ ከመጽሐፉ ሽያጭ ከሚገኘው የጸሐፊው ድርሻ ላይ እስኪሟላ ይቀነሳል፣ ድርሻው ከዚያ በኋላ ነው መከፈል የሚጀምረው። ድርሻው የሚሰላው በሽፋኑ ዋጋ ነው ወይስ አሳታሚው ወጪ ቀንሶ በሚያገኘው? ሁለቱ በመቶኛ ቢመሳሰሉም በገንዘብ በእጅጉ ይራራቃሉ። ለማሳተም ጸሐፊውን ገንዘብ የሚጠይቅ «አሳታሚ» ደንበኛው አንባቢ ሳይሆን ጸሐፊው ነውና ከመጽሐፉ መሸጥ ጋር ጥቅም ላይኖረው ይችላል፤ በራስ ወጪ ማሳተም የሚሻ ሰው አታሚውን፣ አርታኢውንና የሽፋን ሠዓሊውን ለየብቻ ቀጥሮ መብቱን ይዞ ቢቀር ይሻለዋል።

ጀማሪዎች ዘወትር የሚዘሉት አንቀጽ መብት የሚመለስበት ነው። መጽሐፉ ከገበያ ከጠፋ ወይም ሽያጩ በውሉ ከተወሰነው ቁጥር በታች ከወረደ መብቱ በጽሑፍ ጥያቄ ለጸሐፊው እንደሚመለስ መጻፍ አለበት። «ከገበያ መጥፋት» የሚለው ሐረግም ፍቺ ያስፈልገዋል፤ የኤሌክትሮኒክስ ቅጂ በድረ ገጽ ላይ እስካለ ድረስ መጽሐፉ በገበያ ላይ ነው ብሎ የሚከራከር አሳታሚ ምንም ሳይሸጥ መብቱን ለዘለዓለም ሊይዝ ይችላልና፣ መመዘኛው በዓመት የተሸጠው ቅጂ ብዛት እንዲሆን ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይገባል።