«22 ሁሉ አንድ ነው»፦ ትንሽ ጠመንጃ ወደ ሌላ ጥይት ስለመቀየር የሚወራውና እውነቱ

ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ቶርኖ ላይ ቆሜ ነው የምውለው። የቡና መፈልፈያ ዘንግ አስተካክላለሁ፣ ቡሽ እሠራለሁ፣ የተበላ ጥርስ እቀርጻለሁ። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ፣ በቆሎ እሸት ሲሆን፣ ከገራ በኩል አንድ አባት በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ሲፈቱት ትንሽ ጠመንጃ ነው። «ልጄ፣ ይቺ ለጃርት እንጂ ለከርከሮ አትሆንም፤ ጎረቤቴ ጋ ያለውን ጥይት እንድትጎርስ ቀዳዳዋን አስፋልኝ» አሉኝ።

አልሠራሁላቸውም። ለምን እንደማልሠራ ለማስረዳት ግን ሰዓት ፈጀብኝ። እሳቸው ያሉትን ነገር ከተማ ውስጥም ብዙ ሰው ያምነዋልና አንድ በአንድ ልጻፈው።

«22 ሁሉ አንድ ነው፣ ቁጥሩ ከተቀራረበ ይሠራል።»

ይሄ ዋናው ስህተት ነው። ቁጥሩ የሚነግርህ የእርሳሱን፣ ማለትም ከአፈሙዙ ተወርውሮ የሚወጣውን ክፍል፣ ውፍረት ብቻ ነው፣ እሱንም በግምት። .22 ሎንግ ራይፍል የሚባለው ትንሹ ጥይትና .223 ሬሚንግተን ሁለቱም እርሳሳቸው 5.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ውጪ ግን አይገናኙም። የትንሹ ቀለህ፣ ባሩዱን የያዘው ክፍል፣ ርዝመቱ 16 ሚሊሜትር አይሞላም፣ የሌላው 45 ገደማ ነው። ትንሹ የሚቀጣጠለው የቀለሁ ጠርዝ ሲመታ ነው። .223 ደግሞ መሀሉ ላይ ካፕሱል አለው፣ እዚያ ካልተመታ አይተኩስም። ስለዚህ መምቻው ራሱ ሌላ ቦታ መሆን አለበት።

ትልቁ ልዩነት ግን ግፊቱ ነው። ጎሚስታ ጋ ስትሄድ የመኪና ጎማ በ30 ፒኤስአይ ምናምን ይነፋልሃል አይደል? .22 ሎንግ ራይፍል ውስጥ እስከ 24 ሺህ ፒኤስአይ ይደርሳል። .223 ውስጥ 55 ሺህ! ይሄ ሁሉ የሚሆነው ፊትህ አጠገብ፣ ጉንጭህ ሰደፉ ላይ ተለጥፎ ነው። ለ24 ሺህ ታስቦ የተሠራ ብረትና መዝጊያ ከእጥፍ በላይ እንዲሸከም መጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ብረት የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

«ከገባ ተስማማ ማለት ነው።»

መግባት ምንም አያረጋግጥም። ሁለት ምሳሌ ልስጥ። .22 ሎንግ ራይፍል ለ.22 ማግነም በተሠራ ጠመንጃ ውስጥ ዘው ብሎ ይገባል፣ ምክንያቱም የማግነሙ ቀለህ ወፈር ያለ ስለሆነ ጥይቱ የሚተኛበት ማደሪያ ሰፊ ነው። ሲተኮስ ቀለሁ የሚደገፍበት ግድግዳ ያጣና ይነፋል ወይ ይሰነጠቃል፣ የጋለው ጋዝም ወደ ተኳሹ ይመለሳል። ሁለተኛው የባሰ ነው። .300 ብላክአውት የሚባል ጥይት አለ፣ ቀለሁ ከ.223 ቀለህ የተሠራ፣ እርሳሱ ግን 7.8 ሚሊሜትር ነው። አንዳንዱ ዓይነት በ.223 ጠመንጃ ውስጥ ገብቶ መዝጊያው ይዘጋል። ከዚያ 7.8 ሚሊሜትር እርሳስ በ5.7 ቀዳዳ ለማለፍ ይሞክራል። ጠመንጃው ይፈነዳል፤ በሌላ አገር ደጋግሞ የደረሰ ነገር ነው።

«ጎበዝ ቶርኖ ሠራተኛ ካለ ማስፋት ምን ችግር አለው?»

ይሄ እኔን ስለሚመለከት ትንሽ ልቆይበት። ቀዳዳ ማስፋት ለእኔ ቀላል ሥራ ነው። ችግሩ ግን ጠመንጃ ቀዳዳ ብቻ አይደለም። ጥይቱ የሚተኛበት ማደሪያ የቀለሁን ቅርጽ፣ ትከሻውን፣ አንገቱን ይዞ መውጣት አለበት፣ ለዚህም ለዚያው ጥይት ብቻ የተሠራ መቅረጫና መለኪያ ያስፈልጋል። በመዝጊያውና በቀለሁ መሀል ያለው ክፍተት ጤነኛ ከሆነው ወደ አደገኛው ለመሻገር ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ይበቃዋል። ይህን በዓይንና በካሊፐር አይደረስበትም። ከዚያ የመዝጊያው ፊት፣ ቀለህ ጎትቶ የሚያወጣው ጥፍር፣ ካዝናው፣ ሁሉም የጥይቱን ልክ ይከተላሉ። የ.223 ቀለህ ግርጌ 9.6 ሚሊሜትር ነው፣ .22-250 የሚባለው ሌላ ጥይት ግን 12 ነው። ሁለቱም በእርሳስ ውፍረት አንድ ናቸው!

በርሜሉ ውስጥ እርሳሱን የሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ ቦይም አለ። ለቀላል እርሳስ የተሠራ በርሜል በየ35 ሴንቲሜትሩ አንዴ የሚዞር ቦይ ሊኖረው ይችላል። ረጅምና ከባድ እርሳስ ስታስገባበት በቂ ሽክርክሪት አያገኝም፣ አየር ላይ ይገለባበጣል፣ የት እንደሚያርፍም አታውቅም። ስለ ብየዳ ደግሞ ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን አይቻለሁ። በእሳት ጥንካሬውን ያገኘ ብረት ላይ ብየዳ ስታሳርፍበት ያንን ጥንካሬ ነው የምትገድለው።

ይህ ማለት ግን መቀየር በጭራሽ የለም ማለት አይደለም፣ እሱም ሌላ የተሳሳተ ወሬ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው .17 ኤችኤምአር የተሠራው የ.22 ማግነምን ቀለህ አንገቱን በማጥበብ ነው፤ ግርጌው ስላልተለወጠ ያው መዝጊያ ይይዘዋል፣ ባለሙያው በርሜሉን ይለውጣል። አያቶቻችን ውጅግራ ያሉት፣ «ግራ» የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃም 11 ሚሊሜትር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳዮች ብዙዎቹን ለ8 ሚሊሜትሩ የሌበል ጥይት ሲቀይሯቸው ሌላ በርሜል ገጥመውላቸው ነው። ሥራውም የመሣሪያ ፋብሪካ ሥራ ነበር።

«ተኩሼበታለሁ፣ ምንም አልሆነም።»

አንዴ ስላልፈነዳ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ከአቅም በላይ የተጫነ ብረት በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይይዛል፣ በየተኩሱም ያድጋል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች በርሜሉ የተቀየረ ጠመንጃ ወደ መፈተሻ ቤት ተመልሶ ከመደበኛው ቢያንስ 25 በመቶ በሚበልጥ ግፊት ተሞክሮ ማኅተም ሳይመታበት አይሸጥም። እኛ ጋ የሚሞከረው በማን ፊት ነው? በልጅህ?

«ትንሿ ጥይት ሩቅ አትሄድም።»

.22 ሎንግ ራይፍል ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ልትሄድ ትችላለች። ቡና ጥላ ሥር ለቀማ ላይ ያሉትን ሴቶችና ልጆች አስብ። ዝንጀሮ ዛፍ ላይ ስታነጣጥር ደግሞ የምትተኩሰው ወደ ሰማይ ነው፣ ከኋላ የሚያቆመው አፈር የለም።

«ጠመንጃው ፈቃድ አለው፣ ውስጡ የራሴ ጉዳይ ነው።»

አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ መያዝ ብቻ ሳይሆን መጠገንም ፈቃድ ይፈልጋል። እኔ የጠመንጃ ሥራ ፈቃድ የለኝም። ስለዚህ ባውቅበት እንኳ አልነካውም።

ለእኚያ አባት ያሳየኋቸው የመጨረሻ ነገር በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ነው። የጥይቱ ስም እዚያ አለ። ጥይቱም ግርጌው ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ ስሙ አለ። ሁለቱ ቃል በቃል ካልገጠሙ አይጎረስም። ጎረቤታቸው የሰጧቸውን አንድ ፍሬ ከኪሳቸው አውጥተው አስተያዩት፣ አልገጠመም። ጠመንጃውን መልሰው ጠቀለሉት። «እንግዲህ ማማውን ከፍ አድርጌ ልሥራው፣ ልጆቹም ጅራፍ ይዘው በተራ ይደሩ» ብለው ተነሱ። እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው።